ቼ በለው፦ የሸክላው ዘመንና የመርካቶ ገበያ

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ከአፈርና ከውሃ ተቦክቶ፣ በእሳት ተተኩሶ እንሥራና ጀበና የሚሆነው ነው። ሁለተኛው ከባሕር ማዶ የመጣው፣ ጥቁርና ክብ፣ መርፌ ሲያርፍበት የሚዘፍነው ነው። ሕዝቡ ይህን እንግዳ ዕቃ ባየ ጊዜ የባዕድ ስም አልተበደረለትም፤ እንደ ገል የሚሰበር መሆኑን አይቶ ሳይሆን አይቀርም፣ ከቤቱ በሚያውቀው ስም ጠራው።

ሁለቱን ሸክላዎች የሚያገናኛቸው ሌላም ነገር አለ። በአሮጌው ሥርዓት ሸክላ ሠሪዋ በቡዳነት፣ አዝማሪውም በዋዘኛነት ይናቁ ነበር። የጌታው ቤት ያለ ሸክላ ሠሪዋ እንሥራ ውሃ አይጠጣም፤ ያለ አዝማሪው ማሲንቆም ግብሩ አይደምቅም። ይሁን እንጂ ክብሩን ለእነርሱ አላካፈለም። የኢትዮጵያ ዘፈን በሁለተኛው ሸክላ ላይ የኖረበት ዘመን ታሪክም ከዚህ የራቀ አይደለም። ድምፁን ሁሉም ወደደው፤ ማን ይጠብቀው የሚለው ጥያቄ ግን ለረጅም ጊዜ ባለቤት አላገኘም። ይህንን ጥያቄ ለመመርመር ከነገሥታቱ አዳራሽ ተነሥቶ እስከ መርካቶ ተራዎች መዝለቅ ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያዎቹ ድምፆች

በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ ሲሊንደር ላይ የተቀረጸ የሰላምታ ቃል ላከች። ቃሉ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አስቀድሞ ታዝዞ ስለ ነበረ፣ እንደ ትእዛዙ ተሰበረ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1899 በተራቸው ያስቀረጹት ቃል ግን እንግሊዝ አገር ደርሶ እስከ ዘመናችን ቆየ። እንግዲህ የንግሥቲቱ ድምፅ አዲስ አበባ ላይ ጠፋ፤ የኢትዮጵያ ነገሥታት ድምፅ ደግሞ ለንደን ውስጥ ተረፈ። ድምፅ የሚኖረው ከተነገረበት ስፍራ ይልቅ ጠባቂ ባገኘበት ስፍራ መሆኑን ይህ አንድ ታሪክ ብቻ በቂ ሆኖ ያስረዳል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፣ ባለቅኔና ማሲንቆ ደርዳሪ የነበሩት፣ የአውቶሞቢልን ሙያ ይማሩ ዘንድ ወደ ጀርመን አገር ተላኩ። በ1908 ገደማ በበርሊን ከተማ ዘፈኖቻቸውን በሸክላ አስቀረጹ። በኢትዮጵያ የሸክላ ሙዚቃ ታሪክ የመጀመሪያው ምዕራፍ ይህ ነው። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በእግር ኳስ አመራር የአፍሪካን ስም ያስጠሩ ሰው ሆኑ፤ የአባታቸውንም ቅኔ ሰብስቦ ለትውልድ ማቆየት የቤተ ሰቡ ተግባር ሆነ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሸክላ የመጀመሪያ ጠባቂ ቤተ ሰብ መሆኑን እዚህ ላይ ልብ ይሏል።

የከብት ነጂዎቹ ዘፈን

በዚያ ዘመን የሚጠፋን ድምፅ ለማኖር የተነሣሣው በአንድ አገር ብቻ የነበረ ሰው አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ በርሊን በነበሩበት ጊዜ፣ ጆን ሎማክስ የሚባል አሜሪካዊ መምህር በቴክሳስ የካውቦዮችን ዘፈን እየዞረ ይሰበስብ ነበር። ያ ዘፈን ኋላ በሸክላና በፊልም ተጭኖ አዲስ አበባ ድረስ የመጣ ስለ ሆነ፣ አመጣጡን በአጭሩ መመልከት ለያዝነው ጉዳይ ይጠቅማል።

«ካውቦይ» ሲኒማው ሽጉጥ አስታጥቆ ታዋቂ ቢያደርገውም፣ በሥራው ከብት ነጂ እረኛ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ካበቃ በኋላ፣ የቴክሳስን ከብት እስከ ካንሳስ የባቡር ጣቢያዎች ድረስ ለሳምንታት እየነዱ የሚያደርሱ ደመወዝተኞች ነበሩ። ከእነርሱም መካከል ጥቁሮችና ሜክሲኮአውያን ብዙ ነበሩ። ሌሊት ከብቱ ደንብሮ እንዳይበተን በፈረስ ዙሪያውን እየዞሩ ያንጎራጉሩለት ነበር። በ1870ዎቹ እሾሃማው ሽቦ ግጦሹን ማጠር ሲጀምር፣ የባቡሩም ሐዲድ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ፣ ረጅሙ የከብት ጉዞ ቀስ በቀስ አበቃ። ሥራው አልቆ ዘፈኑ ብቻ ቀረ። ሎማክስ ያን ቅሪት ከከብት ነጂዎችና ከመጠጥ ቤቶች ለቀመ፤ ከታወቁት ዘፈኖች አንዱን ያገኘው በሳን አንቶኒዮ መጠጥ ቤት ይጠብቅ ከነበረ ጥቁር ሰው እንደ ሆነ ራሱ ጽፏል። መጽሐፉም በ1910 ታተመ።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ ወደ ገበያ ገባ። ካርል ስፕራግ በ1925 ለቪክተር ኩባንያ የቀረጸው የካውቦይ ሸክላ በብዛት ተሸጠ። በ1959 ደግሞ የአሪዞናው ተወላጅ ማርቲ ሮቢንስ የታጣቂዎችን ታሪክ የሚተርኩ ባላዶች በአንድ ረጅም ሸክላ አወጣ። ዛሬ የእነዚህን ሸክላዎች የመጀመሪያ እትም የሚያድኑ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የሸክላውን መለያ ቁጥር፣ በመሐሉ የተለጠፈውን ወረቀት፣ የሽፋኑን ንጽሕና፣ የመርፌውን ጭረት እየመረመሩ ዋጋ ይቆርጣሉ። የደመወዝተኛው እረኛ እንጉርጉሮ ውድ ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሙዚቃ ወደ ኢትዮጵያ የገባባቸው በሮች ይታወቃሉ። አንደኛው በአሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ ነው። የአሜሪካ ጦር እስከ 1977 ድረስ በቆየበት በዚያ ጣቢያ የነበረው ሬዲዮ ለወታደሮቹ የአገራቸውን ሸክላ ያሰማ ነበር፤ የከተማው ወጣትም አብሮ ያዳምጥ ነበር። ሁለተኛው በር ሲኒማ ነው። በአዲስ አበባ አዳራሾች፣ ኋላ ራስ ቴአትር የተባለውን የመርካቶውን ሲኒማ ራስን ጨምሮ፣ የውጭ ፊልም የዘወትር መዝናኛ ነበር፤ «ካውቦይ» የሚለውም ቃል ከመጋረጃው ወርዶ የመንገድ ቃል ሆነ። ሦስተኛው በር የምሽት ክበብ ነው። በአዲስ አበባ «አሪዞና» የተባለ ክበብ ነበረ። ስሙ የከብት ነጂዎች አገር ስም ቢሆንም፣ በዚያ ቤት የበቀለው ድምፅ የመርካቶ ልጅ ድምፅ ነበር።

የመርካቶ ልጅ

መርካቶ ራሱ የተወለደው በግፍ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘበት በ1928–1933 ዓ.ም. ከተማውን በዘር ለመለየት ባወጣው ዕቅድ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የሕዝብ ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው። ፒያሳውን ለአውሮጳውያን፣ አዲስ ከተማን ለ«አገሬው» መደበ። አገሬው ግን የተሰጠውን ሜዳ ይዞ በአፍሪካ ከታወቁት ገበያዎች አንዱን ሠራበት፤ የመለያያውን ስም «መርካቶ»ንም የራሱ አደረገው።

ማህሙድ አህመድ በ1941 የተወለደው በዚህ ሰፈር ነው። በልጅነቱ ጫማ ጠርጓል፤ ኋላም በአሪዞና ክበብ በተላላኪነት ተቀጠረ። ክበቡ የክቡር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ የሚሰበሰቡበት ነበር። በ1962 አንድ ምሽት ዘፋኙ ሲቀር፣ የቤቱ ተላላኪ መድረክ ላይ ወጥቶ ዘፈነ። ከዚያ በኋላ በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ለዓመታት አገለገለ። የማህሙድ ሕይወት የሚያሳየው አንድ ነገር አለ፦ የዘመኑ ሙዚቃ በመንግሥት ኦርኬስትራዎች ውስጥ ቢደራጅም፣ ድምፁን ያበደረው ሰፊው ሕዝብ ነበር።

ፈቃድና ሸክላ

ይህ ሁሉ ድምፅ ግን እስከ 1969 ድረስ በመድረክና በሬዲዮ ተሰምቶ አየር ላይ የሚቀር ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው። በ1948 የወጣ ንጉሣዊ ትእዛዝ ሸክላ ከውጭ የማስገባትንና የማሳተምን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የወራሪውን ጦር ለመመከት ሕዝቡን በኪነ ጥበብ ለመቀስቀስ የተመሠረተው ማኅበር፣ በቴአትርና በሙዚቃ ታሪክ የማይደበዝዝ ውለታ አለው። በሸክላ ረገድ ግን የተሰጠውን መብት በሥራ ሳይተረጉመው ሃያ ዓመት አለፈ። መብቱ ታጠረ፤ በአጥሩ ውስጥ ግን እርሻ አልነበረም። በዚያ ሃያ ዓመት ውስጥ የደከሙና የሞቱ ድምፃውያን ምን ያህሉን ይዘው እንደ ሄዱ መገመት አያዳግትም።

አጥሩን የጣሰው የሃያዎቹ ዕድሜ ወጣት ነጋዴ ነው። አምኃ እሸቴ የውጭ አገር ሸክላ በሚሸጥበት ሱቁ ቆሞ፣ የከተማው ወጣት የባዕዱን ዘፈን በገንዘቡ ሲገዛ እያየ፣ የገዛ አገሩ ዘፈን በሸክላ አለመኖሩ አላስችለው አለ። እስር ሊደርስበት እንደሚችል እያወቀ በ1969 «አምኃ ሪከርድስ»ን አቋቋመ። የመጀመሪያው ሸክላ የፖሊስ ኦርኬስትራው ድምፃዊ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ በኤልቪስ ፕሪስሊ አኳኋን የሚማረክ፣ በአማርኛ ግን የሚያዜም ወጣት። በአዲስ አበባ የተቀረጸው ድምፅ ወደ ህንድ ተልኮ በሸክላ ታተመና ተመለሰ። ሱቁ በር ላይ ሲሰማ ሕዝቡ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ ተሰበሰበ። ትእዛዙ በአዋጅ ሳይሻር በተግባር ተሻረ።

አምኃ እስከ 1975 ድረስ ከአንድ መቶ በላይ ባለ 45 ዙርና አሥራ ሁለት ረጃጅም ሸክላዎች አወጣ። ማህሙድ አህመድም በ1971 የመጀመሪያ ሸክላውን ያወጣው ከእርሱ ጋር ነው። ሙላቱ አስታጥቄ በየካቲት ስም የሰየመው የኢትዮ ጃዝ ረጅም ሸክላ በ1974 በዚሁ ቤት ታተመ። ፊሊፕስ ኩባንያም ገበያውን አይቶ ገባበት። «አሊ ታንጎ» በሚል ስም የሚታወቁት ዓሊ አብደላ ካይፋም «ካይፋ ሪከርድስ»ን አቋቋሙ። በጠቅላላው ከ1969 እስከ 1978 ድረስ 500 ያህል ባለ 45 ዙርና 30 ያህል ረጃጅም ሸክላዎች ታትመዋል ተብሎ ይገመታል። የአንድ ዘመን ድምፅ በሙሉ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የገባው በዚህች ቁና ነው።

የሸክላው ቅርጽ በዘፈኑም ላይ ተጽዕኖ ማድረጉ መዘንጋት የለበትም። ባለ 45 ዙሩ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ የሚያድረው ትዝታ በዚያ ልክ መቆረጥ ነበረበት፤ ወይም ለሁለት ተከፍሎ በፊትና በኋላ ገጽ ይቀመጣል። ጌታቸው ካሣ ትዝታን አንዴ በዝግታ፣ አንዴ በፈጣን ምት ማስቀረጹ የዚህ ዘመን ትሩፋት ነው። አቀናባሪው ግርማ በየነን የመሰሉ ባለሙያዎች የነሐስ መሣሪያውን፣ ኦርጋኑንና የአገሩን ቅኝት በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አስማሙ። ይሁንና በሸክላው መሐል ባለችው ወረቀት ላይ የዘፋኙና የባንዱ ስም ሲጻፍ፣ መለከት የነፋውና ከበሮ የመታው ሰው ስም አብዛኛውን ጊዜ አልተጻፈም። ማሲንቆ መቺውን የናቀው አሮጌ ልማድ በአዲሱ ሸክላ ላይም ጥላውን እንደ ጣለ ይታያል።

ካሴትና ምናለሽ ተራ

በ1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት የዘውዱን ሥርዓት ገረሰሰ። ያን ተከትሎ የመጣው የሰዓት እላፊ ግን የምሽቱን ሙዚቃ ለዓመታት አፈነው። ክበቦች ተዘጉ፤ ሙዚቀኞች ተበተኑ። አምኃ እሸቴ በ1975 ከአገር ወጣ፤ የተመለሰው በ1993 ነው፤ ያረፈውም በ2021 ነው። በዚያው ጊዜ ካሴት ገበያውን ያዘ። ካሴት በዋጋው የቀለለ፣ በባትሪ የሚሠራ፣ መብራት በሌለበት ገጠር የሚደርስ በመሆኑ ለሰፊው ሕዝብ የዋለው ውለታ ታላቅ ነው። በሌላ በኩል ማንም በቤቱ የሚገለብጠው፣ በተገለበጠም ቁጥር ድምፁ የሚደበዝዝ ነበር። በ1978 ገደማ የሸክላ ኅትመት አበቃ።

ከዚያ በኋላ ሸክላው በየቤቱ ምን ደረሰበት? የማጫወቻው መርፌ አለቀ፤ ተተኪ አልተገኘም። የማይዘፍን ሸክላ ከገል አይሻልም። «ቆራሌው» እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው አሮጌ ዕቃ ሲገዛ፣ የሚገዛው ሁሉ መጨረሻው መርካቶ ነው። በምናለሽ ተራ ቆርቆሮው ጀበና ማፍሊያ ምድጃ፣ ጎማው ጫማ፣ በርሜሉ ባልዲ ይሆናል። የዚያ ተራ ሠራተኞች ሊመሰገኑ የሚገባቸው ባለሙያዎች ናቸው፤ ምንም ነገር በከንቱ እንዲጠፋ አይፈቅዱም። ነገር ግን የተራው ሕግ ዕቃን የሚመዝነው በጥሬ ነገሩ ነው። የአሮጌ ማጫወቻ ሞተር ዋጋ አለው፤ ብረቱም ዋጋ አለው፤ በሸክላው ላይ ያለው ድምፅ ግን በሚዛን አይወጣም። ድምፁን የሚያውቅ ሰው ቀድሞ ካልደረሰ፣ ሚዛኑ ፍርዱን ይሰጣል።

ሰብሳቢዎቹ

ቀድመው ከደረሱት መካከል የውጭ አገር ሰዎች ይገኙበታል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ በ1984 የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» በሰማ ጊዜ ምንጩን ፍለጋ ተነሣ። በ1975 በካይፋ የወጣው ያ ሥራ በ1986 በቤልጅግ አገር እንደ ገና ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ኤትዮፒክስ» የሚባሉት ተከታታይ ሲዲዎች በፓሪስ ወጡ። በ2005 የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ በአንድ የአሜሪካ ፊልም ሲሰማ፣ የአዲስ አበባ ሸክላ በዓለም ገበያ ተፈላጊ ሆነ።

ከሁሉ የሚያስተምረው ግን የ«ቼ በለው» ታሪክ ነው። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ ረጅም ሸክላ በ1977 በካይፋ ታተመ። ስሙ የፈረሰኛ ጥሪ ነው፤ የአሜሪካው ከብት ነጂ ለፈረሱ የሚያሰማውን ጩኸት የሚተካከል የአገራችን ቃል ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተንም ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዳ። እርሱ መሪውን ሲጨብጥ፣ የሠራው ሸክላ በሰብሳቢዎች ገበያ ከ4,000 ዶላር በላይ ተሸጠ። ከዚያም አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ የኃይሉን የ1985 ካሴት በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ፣ ባለቤቱን ፈልጎ በ2013 አሳተመለት፤ «ቼ በለው»ም በ2014 እንደ ገና ታተመ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰብሳቢዎች ይታያሉ። የመጀመሪያው ሸክላውን በ4,000 ዶላር ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያኖራል፤ ከዚያ ገንዘብ ለሠሪው የሚደርሰው የለም። ሁለተኛው በጥቂት ብር ካሴት ገዝቶ፣ «ይህን የሠራው ሰው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ልዩነታቸው በዜግነት ወይም በገንዘብ ብዛት ሳይሆን በጥያቄያቸው ነው። የመጀመሪያው የሚሰበስበው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛው የሚሰበስበው ታሪክ ነው።

የውጭ ሰዎች ይህን በመሥራታቸው መወቀስ አይገባቸውም። ሊያሳስበን የሚገባው በአገር ውስጥ ያልተሠራው ነው። የ1948ቱ ትእዛዝ መብትን ለአንድ ማኅበር በመስጠት ብቻ ድምፅ እንደማይጠበቅ አሳይቷል። ከዚያ ወዲያ የመጣው ገበያም፣ ትርፍ ባለበት ጊዜ ብቻ እንደሚጠብቅ አሳይቷል። የተጠበቀው ድምፅ ሁሉ የተጠበቀው የሚወደው ሰው ስለ ነበረው ነው፤ ነጋድራስ ተሰማን ልጃቸው፣ ዓለማየሁን አምኃ፣ ኃይሉን አንድ መንገደኛ ጠበቁት። ተቋም የዚህ ዓይነቱን ፍቅር ሊተካ አይችልም፤ ነገር ግን ሊያደራጀውና ዕድሜውን ሊያረዝመው ይችላል።

ስለዚህ ሥራው ከቅርብ ቢጀመር መልካም ነው። መምህራን ተማሪዎቻቸው በአያቶቻቸው ቤት ያለውን ሸክላ እንዲመዘግቡ ቢያደርጉ፣ ቁጥሩን፣ የዘፋኙን፣ የባንዱን፣ የግጥሙንና የዜማውን ደራሲ ስም በደብተር ቢያሰፍሩ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የ500ው ሸክላ ዝርዝር በገዛ እጃችን ሊሟላ ይችላል። የባህል ቢሮ ሠራተኞች በምናለሽ ተራ ከሚሠሩት ባለሙያዎች ጋር ተስማምተው፣ ሸክላ ሲያገኙ ከሚዛኑ በፊት ለሚያውቅ ሰው እንዲያሳዩ ቢያደርጉ ወጪው ብዙ አይሆንም። አርቲስቶች ደግሞ በሕይወት ያሉትን አረጋውያን ሙዚቀኞች ቀርበው በየሸክላው ላይ መለከቱን ማን እንደ ነፋ፣ ከበሮውን ማን እንደ መታ ቢጠይቁ፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈውን ስም ለመጻፍ ጊዜው ገና አላለፈም። ይሁን እንጂ እያጠረ መሄዱ አይካድም፤ ዓለማየሁ እሸቴም አምኃ ባረፈበት በዚያው በ2021 አርፏል።

ፈረሰኛ ፈረሱን «ቼ» የሚለው ጉዞው ገና ሲቀረው ነው። የሸክላው ድምፅም ከመርካቶ ወጥቶ ዓለምን ዞሯል፤ የሚቀረው መንገድ ወደ ቤቱ የሚመልሰው ነው።